ገርባ ጉራቻ ማደር፣ ቱሉ ዲምቱ መውጣት፦ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት

ጥያቄ፦ «አምስት ሆነን ባሌ ተራሮች ልንሄድ ነው። አራታችን አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። አምስተኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ለገና ከቨርጂኒያ ትመጣለች። አርብ ማታ ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ቅዳሜ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ ዳር በድንኳን አድረን፣ እሁድ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ወጥተን፣ ማታ ቤታችን መግባት አስበናል። ሁላችንም በእግር መሄድ እንወዳለን፤ እኛ አራታችን በየሳምንቱ እንጦጦ እንወጣለን። ይቻላል ወይ? ምን እንያዝ? ፈረስስ ያስፈልጋል?»

ምላሽ፦

ይቻላል። በቅዳሜና እሁድ ግን አይሆንም።

እግራችሁን ተጠራጥሬ አይደለም። በየሳምንቱ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ቱሉ ዲምቱ አያቅተውም። ጫፉ 4377 ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን የቆመበት የሳነቴ አምባ ራሱ 4000 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከዋናው መንገድ ዳር የሚቀራችሁ አቀበት ከ300 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ገደል የለውም፤ ገመድ አይጠይቅም። እንዲያውም መኪና እስከ አናቱ የሚወጣበት ጥርጊያ መንገድ አለ፤ እላይ አንቴና ተተክሏል። ለፎቶ ብቻ የሚሄድ ሰው ጎባ ቁርሱን በልቶ፣ ጫፉን ነክቶ፣ ከሰዓት በኋላ ጎባ ይመለሳል።

የሚፈትናችሁ ሐይቁ ዳር የምታሳልፉት ሌሊት ነው። ገርባ ጉራቻ ያለው 3950 ሜትር ላይ ነው። አዲስ አበባ 2350 ሜትር ገደማ ናት። በእናንተ ዕቅድ አርብን መኪና ውስጥ ሳትተኙ ታነጋላችሁ። በማግስቱ ከለመዳችሁት 1600 ሜትር ከፍ ብላችሁ ልትተኙ ነው። ሰውነት ደግሞ ከፍታ የሚከብደው ሲተኛ ነው። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ይቀንሳል፤ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቀን ከነበረው ይወርዳል። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ ቢሆን ነው። ቀን ሲስቅና ሲጫወት የዋለ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ራሱን ይዞ ቁጭ የሚለው ለዚህ ነው። የከፍታ ሕክምና ባለሙያዎች የሚመክሩት፣ ከ3000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ነው። እንጦጦን አትጥቀሱልኝ። እንጦጦ ውላችሁ የምታድሩት አልጋችሁ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ቀኖቹን ወደ አምስት አሳድጉ። ከዚያ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ ጫፉን መጀመሪያ፣ ሐይቁን በኋላ።

ሐሙስ ጠዋት በጊዜ ከአዲስ አበባ ውጡ። በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ ትገባላችሁ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑን ይፈጃል። ማታ አትንዱ። መንገዱ ላይ ከብት፣ ጋሪና መብራት የሌለው ሲኖትራክ ይገጥማችኋል። በቆጂ ላይ ወርዳችሁ ትንሽ እግራችሁን አፍታቱ፤ የነደራርቱንና የነቀነኒሳን አገር እያዩ ሻይ መጠጣት አይከፋም። ዲንሾ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ነው፤ ከፍታው 3000 ሜትርን ትንሽ ያልፋል። የመግቢያውን የምትከፍሉት፣ አስጎብኚ የምትይዙት እዚያ ነው። ማደሪያውም ደህና ነው። ከመምሸቱ በፊት ጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ያለው ጥድና ኮሶ ውስጥ አንድ ሰዓት ብትዘዋወሩ የደጋ አጋዘን ማየታችሁ አይቀርም። ሰው ለምደዋል፤ በቅርብ ሆነው ያዩዋችኋል።

አርብ በሮቤና በጎባ አድርጋችሁ በመኪና ወደ ሳነቴ ውጡ። ከጎባ ጀምሮ መንገዱ ሽቅብ ነው። ደኑ ያልቃል፤ አስታው ይመጣል፤ አስታውም ያልቅና ጅብራ ብቻውን እንደ ምሰሶ ተተክሎ ታያላችሁ። 1300 ሜትር ያህል በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለምትወጡ ጆሮ ይደፈናል፤ ማስቲካ ይዛችሁ ግቡ። ቱሉ ዲምቱ ሥር መኪናውን አቁሙና በእግር ውጡ። ዝግ በሉ። እያወራችሁ መራመድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። የደከመው ሰው በመኪናው ይውጣ፤ አያሳፍርም። ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ጫፍ ላይ ሁኑ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱና ደመናው ይመጣል። ከዚያ ውረዱና ዲንሾ ተመልሳችሁ እደሩ።

የዚህ ጥቅሙ ይኸው ነው። ሰውነታችሁ 4377 ሜትርን ቀን ላይ፣ መኪና አጠገብ፣ ለጥቂት ሰዓት ይቀምሳል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ይተኛል። ማን ራሱን እንደሚያመው፣ ማን እንደሚያቅለሸልሸው አርብ ላይ ታውቁታላችሁ። በእናንተ ዕቅድ ይህንን የምታውቁት ቅዳሜ ሌሊት፣ በጨለማ፣ ድንኳን ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ሐይቁ። እሁድ ከሐይቁ ወጥታችሁ ጎባ ወይም ሮቤ እደሩ፤ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ። ሁለት የዲንሾ ሌሊት ካደራችሁም በኋላ ሐይቁ ዳር ስትተኙ ከ500 ሜትር በላይ ነው የምትዘሉት፤ እሱን አልደብቃችሁም። እንዲያ ሆኖም እሺ የምለው በአንድ ምክንያት ነው፤ የታመመ ሰው ቢኖር የመኪናው መንገድ ቅርብ ነው። አንድ ሁለት ቀን ጨምራችሁ ከዲንሾ ጀምሮ በሶዶታ በኩል በእግር ብትሄዱ ግን ከሁሉም የተሻለ ነበር። ከፍታው ራሱ ቀስ እያለ ይወስዳችኋል።

ስለ አክስትህ ልጅ። አብዛኛው ቨርጂኒያ ዝቅተኛ አገር ነው። «ደሟ የደገኛ ነው» የሚባለው ነገር እዚህ አይሠራም፤ ቦሌ ስታርፍ ሳንባዋ የቨርጂኒያ ነው። ለገና ከገባች ግን ጥሩ አጋጣሚ አላችሁ። ጥምቀትን አዲስ አበባ አክብራችሁ ከዚያ ብትነሱ ከአሥር ቀን በላይ 2350 ሜትር ላይ ኖራ ትሄዳለች። ያ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። በመጣች በሦስተኛው ቀን ከሆነ ጉዞው፣ ጫፉን በመኪና አይታ ዲንሾ ብታድር ይሻላታል። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል ስለሚወሰደው ዳያሞክስ ስለሚባለው መድኃኒት ሐኪሟን ትጠይቅ። የተለመደው አወሳሰድ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። ሽንት ያበዛል፤ ጣት ያደነዝዛል። ሰልፋ ያላቸው መድኃኒቶች የማይስማሟት ከሆነ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ያለ ሐኪም አትንካው።

አሁን አደጋውን እንዴት እንደምትለዩት ልንገራችሁ። ራስ ምታት ብቻውን ብዙ አያስፈራም፤ ውኃ፣ ዕረፍትና ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ራስ ምታት ላይ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላትና ድካም ከተደረበ የከፍታ ሕመም ጀምሯል። ያ ሰው ከዚያ በላይ አይወጣም። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ደርሳችሁ ይህ ከታየ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። «ትንሽ እንየው» አትበሉ። ሐይቁ ያለው ጎድጎድ ባለ ቦታ ነው፤ ወደ መኪናው ለመመለስ መጀመሪያ ሽቅብ መውጣት አለባችሁ፤ የታመመ ሰው ይዞ በሌሊት ያንን መውጣት መከራ ነው።

ሁለት ምልክቶች ግን ድርድር የላቸውም። አንዱ ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ማጠር ነው፤ በተለይ ከሳል ጋር ሲሆን። ሌላው መንገዳገድ ነው። መሬት ላይ መስመር አስምሩና ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ ይራመድበት። እንደ ሰካራም ከወላወለ፣ ወይም ወሬው ከተምታታ፣ ሰዓቱ ስንትም ይሁን ይወርዳል። ብቻውንም አይሄድም። ለዚህ ነው ሹፌራችሁ ቅዳሜ ሌሊት የት እንደሚያድር ከአሁኑ መወሰን ያለበት። መኪናውን ይዞ ወደ ሮቤ ዘመድ ጥየቃ እንዳይሄድባችሁ። ስልክ ላይ ተማምናችሁ አትለያዩ፤ ብርድ ባትሪ ይበላል። ሰዓትና ቦታ በቃል ተቀጣጠሩ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ሐይቁ ይህን ሁሉ ዋጋ የሚያስከፍል ነው ወይ? ነው። ገርባ ጉራቻ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ ውኃው ጥቁር ይመስላል። ጎድጓዳውን የቆፈረው በረዶ ነው። የዛሬን ሣር አይታችሁ አትመኑ፤ ይህ አምባ አንድ ዘመን ላይ ግግር በረዶ ለብሶ ነበር። ተመራማሪዎች ሐይቁ ሥር የተጠራቀመውን ጭቃ በቱቦ ቀድተው አውጥተው ከ16 ሺህ ዓመት በላይ የሆነ የአየር ንብረትና የዕፅዋት ታሪክ አንብበውበታል። እዚያው ባሌ ተራሮች ውስጥ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፤ 3469 ሜትር ላይ። በ2019 በወጣ ጥናት መሠረት ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት እዚያ ይኖሩ ነበር። በዚያ ከፍታ ሰው እንደኖረ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች እጅግ ጥንታዊው ነው። ይበሉት የነበረው ምን መሰላችሁ? ፍልፈል። ጠብሰው።

ፍልፈሉ ዛሬም አለ፤ ከባሌ በቀር የትም የለም። ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ስትሄዱ መሬቱ ሁሉ ተበሳስቶ ታገኙታላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አፈር ሲገፋ ታያላችሁ። ከዚያ ጭንቅላት ብቅ ይላል፤ ዓይኖቹ አናቱ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ግማሽ አካሉን አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር ይነጭና ኋላውን ብሎ ይገባል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ቆማ ብታዩ አይግረማችሁ። እሱ አፈሩን ሲገለብጥ ትሉን የምትለቅመው እሷ ናት። አደጋ ስታይ ስለምትጮህም ለእሱ ዘብ ትሆነዋለች። ከሁለቱ ራቅ ብሎ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ሊኖር ይችላል፤ ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኑር እንጂ አደን የሚወጣው ብቻውን ነው፤ የሚያድነውም በቀን ነው። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ «አራዊት ተኝተዋል» ብላችሁ ድንኳን ውስጥ አትግቡ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው።

ከእናንተ መካከል ውሻ ያለው ሰው ካለ ቤቱ ይተወው። ቀበሮዎቹን የሚጨርሳቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በ2003 እና 2004 እንደ ፈረንጆቹ ባሌ ላይ ብዙ ፈጅቷል። የምግብ ትራፊም አትጣሉ።

እነዚያ ጉድጓዶች የቁርጭምጭሚት ጠላትም ናቸው። ከላይ ደህና የሚመስለው መሬት ስትረግጡት ወደ ውስጥ ይገባል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ አድርጉ፤ ሲጨልም ከድንኳን ራቅ ብላችሁ አትሩጡ።

ብርዱን አትናቁት። ጥር ደረቅ ወር ስለሆነ ለጉዞ ተመራጭ ነው። ግን ሰማዩ ጥርት ሲል ምድሩ ሙቀቱን ለሰማይ ይሰጣል። ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ ተመዝግቧል። ስሊፒንግ ባጋችሁ ቢያንስ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ «የሚመች» የሚል ይሁን፤ «የሚያተርፍ» የሚለውን ቁጥር አትመኑ። ከሱ እኩል የሚያስፈልገው ከሥር የሚነጠፈው ፎም ነው። ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው። ሁለት ፎም ደራርቡ።

ጋቢ እንያዝ ወይ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ያዙ፤ ግን ለድንኳን ውስጥ። ከስሊፒንግ ባግ ላይ ጣል ሲደረግ አቻ የለውም። ለብሳችሁ አትሂዱበት። ጥጥ ላብ ይይዛል፤ ስትቆሙ ያቀዘቅዛችኋል። ለመንገድ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ካናቴራ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጓንት፣ ኮፍያ፣ መነጽር፣ የፀሐይ ክሬም። ቀን ላይ ፀሐዩ ፊት ይልጣል፤ «ጥቁር ነኝ» ብሎ ያለ ክሬም የሄደ ሰው አፍንጫው ተላጦ ይመለሳል። የግንባር ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ። ድንኳኑን ውኃው ጠርዝ ላይ አትትከሉ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ዝቅ ወዳለው ይወርዳል፤ መሬቱም እርጥብ ነው። ትንሽ ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚጋርድ ድንጋይ ያለበት ቦታ ፈልጉ። የነገ ካልሲና የስልክ ባትሪ አብረዋችሁ ይተኙ። ፈላ ያለ ውኃ ጠንካራ ኮዳ ውስጥ ሞልታችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ሃይላንድ ውስጥ አትሙሉት፤ ፕላስቲኩ ይኮማተራል።

አረቄ የያዘ ሰው አይጠፋም መቼም። «ያሞቃል» ይባላል። ቆዳ ላይ ያለውን የደም ሥር ስለሚከፍት ለጊዜው ይሞቃል፤ ከዚያ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል። እንቅልፍ ላይም ትንፋሽ ያሳጥራል። ጎባ ስትመለሱ ትጠጡታላችሁ።

ምግብ ላይ አበሻ መሆን ይጠቅማል። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምስር ስትቀቅሉ ብታመሹ አይበስልም። በሶ ግን እሳት አይፈልግም። ድርቆሽም እንደዚያው፤ ክብደት የለውም፣ ሙቅ ውኃና በርበሬ ሲነካው ፍርፍር ይሆናል። ሽሮና እንዶሚ ይሠራሉ። ጎባ ገበያ ላይ ጩኮ ጠይቁ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፤ ለብርድ ከሱ የተሻለ አላውቅም። አርብ የምትጾሙ ከሆነ ለቅዳሜ አቆዩት። ቆሎ ኪስ ውስጥ ይሁን። ከፍታ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ባይርባችሁም ትንሽ ትንሽ ቆርጥሙ።

ለማብሰያ እንጨት አትልቀሙ፤ አስታ አትቁረጡ። ፓርኩም አይፈቅድም። ትንሿን የጋዝ ምድጃ ያዙ፤ ሲሊንደሩን ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስገቡት፤ ከቀዘቀዘ ጠዋት አይነድም። በአውሮፕላን ወደ ሮቤ መብረር ካሰባችሁ ሲሊንደር አያስገቡም፤ ያንን አስቀድማችሁ አስቡበት። የሐይቁን ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፤ ከብት ይጠጣዋል። ለመጸዳዳት ከውኃው ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ፣ ቆፍሩ፣ ሶፍቱን በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ።

ፈረስ? ያስፈልጋችኋል። ከመንገዱ እስከ ሐይቁ ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ነው፤ ሻንጣ ተሸክማችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ግን 4000 ሜትር ላይ 15 ኪሎ የተሸከመ ሰው ማታ የሚያመው እሱ ነው። ድንኳኑንና ምግቡን ፈረስ ይሸከም፤ ውኃ፣ ጃኬትና መድኃኒት እናንተ ያዙ። ታሞ መራመድ ላቃተውም ፈረሱ አንቡላንስ ነው። አስጎብኚ ግዴታ ነው፤ ፈረሱን ከነባለቤቱ የሚያስተካክልላችሁም እሱ ነው። ሐሙስ ማታ ዲንሾ ላይ ተነጋገሩና ዋጋውን ለቀን ይሁን ለጉዞ፣ የፈረሰኛው ምግብ በማን እንደሆነ፣ የት እንደሚጠብቃችሁ ቁርጥ አድርጉት። ፈረሰኛው ስሊፒንግ ባግና ድንኳን እንዳለውም ጠይቁ። ከሌለው ተጨማሪ ብርድ ልብስና ለእሱ የሚሆን ቦታ ይዛችሁ ሂዱ።

ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት ፓርኩ ጋ ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋግጡ። ሰኞ ፈቃድ ያላገኘ ሰው ካለ ከአሁኑ ይናገር። የእሁዱን ማደሪያ ለመሰረዝ ስትሉ ከሐይቁ ወጥታችሁ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ እንዳትነዱ፤ አዳማ ሳትደርሱ ይጨልምባችኋል።